ከ4.6 ወደ 21 ሜጋኸርዝ፦ የአንድ የዓይን ትራንስዱሰር የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ፎከስድ አልትራሳውንድ ድምፅን አንድ ቦታ ላይ ሰብስቦ፣ በሚፈጠረው ሙቀት የማከም ዘዴ ነው። እዚህ ሥራ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚያነሳው ሐሳብ አለ። "ፍሪኩዌንሲውን ከፍ እናድርገውና ፎከሱ ይጥበብ" ይላል። እኔም ብዬዋለሁ። ሐሳቡ ስሕተት የለበትም። ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ድምፁ በሴኮንድ የሚርገበገብበት ቁጥር፣ ሲጨምር የሞገድ ርዝመቱ ያጥራል። ድምፁ የሚሰበሰብበት ቦታም አብሮ ይጠብባል። ያለ ምላጭ ለሚሠራ ሐኪም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ፍሪኩዌንሲን እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ማየቱ ላይ ነው። ቁልፉን ስናዞረው ድምፁን የሚፈጥረው ሴራሚክ ይሳሳል። ውኃው ድምፁን መብላት ይጀምራል። ኬብሉ ዝም ብሎ አስተላላፊ መሆኑ ይቀርና የሰርኪቱ አካል ይሆናል። የመለኪያችን ጫፍ ከሚለካው ነገር ይገዝፋል። አንዱን ስንነካ ሌላው ሁሉ ይነቃነቃል።

ይህን አጥርቶ የሚያሳይ ጉዳይ የግላኮማ ሕክምና ውስጥ አለ። ሁለት ቡድኖች ለአንድ ሕመም፣ ለአንድ ዒላማ፣ በሩብ ምዕተ ዓመት ልዩነት ሁለት የተለያዩ ትራንስዱሰሮችን፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ የሚቀይሩ ነገሮችን፣ ሠሩ። የመጀመሪያው ቡድን ኒው ዮርክ ነበር፤ ሁለተኛው ሊዮን፣ ፈረንሳይ። የሰዎቹን ስም አላነሳም፤ የኒው ዮርኩ ቡድን፣ የሊዮኑ ቡድን እያልኩ እቀጥላለሁ። የመሣሪያዎቹ መጠንና የሕክምናው ውጤት በይፋ የታተሙ ናቸው። ስሌቶቹ ግን አብዛኞቹ የእኔ ናቸው። ማንም ካልኩሌተር ይዞ ሊያጣራቸው ይችላል።

ሕመሙና ዒላማው

ግላኮማ የዓይን ነርቭን ቀስ በቀስ የሚገድል ሕመም ነው። ከማይመለሱ የዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ውስጥ በዓለም ቀዳሚው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ አያምም። ሰውየው የሚነቃው ከዳር ያለው እይታው ከተሸረሸረ በኋላ ነው። የጠፋውን መመለስ አይቻልም። የቀረውን ለማትረፍ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። እንደ ተለመደ የሚታየው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው።

ግፊቱ የሚመጣው ዓይን ውስጥ ዘወትር ከሚመነጭ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ይመነጫል፣ ይዞራል፣ ይወጣል። መውጫው ሲዘጋበት ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ ሐኪሙ ሁለት መንገድ አለው፤ መውጫውን ይከፍታል ወይም ምንጩን ይቀንሳል። የእኛ ጉዳይ ሁለተኛው ነው።

ምንጩ ሲሊየሪ ቦዲ ይባላል። ከዓይኑ ባለቀለም ክፍል ጀርባ፣ ከነጩ ሽፋን ሥር፣ ቀለበት ሆኖ የተቀመጠ ሥጋ ነው። የቀለበቱን የተወሰነ ክፍል በሙቀት ካበሰሉት የሚያመነጨው ፈሳሽ ይቀንሳል። "ማበሰል" የሚለው ቃል ለዓይን ሲነገር ያስደነግጣል። እውነቱ ግን እሱ ነው፤ የእንቁላል ነጭ መጥበሻ ላይ ሲነጣ የሚሆነው ዓይነት ለውጥ ነው።

ለመሐንዲስ ዒላማው አስቸጋሪ ነው። ከላይ ነጩ ሽፋን አለ፤ እዚያ አካባቢ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። እሱ ከተጎዳ ይሳሳል። በውስጥ በኩል ሌንሱ ቅርብ ነው። ሌንሱ ከጋለ የዓይን ሞራ ሊመጣ ይችላል። ዒላማው ራሱ ከላይኛው ገጽ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይገባል። ጥልቀቱ ትንሽ፣ ስሕተት የሚችልበት ቦታም ትንሽ።

የመጀመሪያው መሣሪያ

የኒው ዮርኩ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሠራው መሣሪያ ለጊዜው ድንቅ ነበር። ትራንስዱሰሩ በ4.6 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ጎድጓዳ ሳህን መሰል ነገር ነው። ስፋቱ 80 ሚሊሜትር፣ ፎከሱ የሚያርፍበት ርቀት 90 ሚሊሜትር። መሐሉ ላይ ቀዳዳ ነበረው። በቀዳዳው በኩል ማለሚያ ብርሃንና የዓይኑን ጥልቀት የሚለካ ሁለተኛ አልትራሳውንድ ይገቡ ነበር። ታካሚው ይተኛል። ዓይኑ ላይ ውኃ የያዘ ዕቃ ይቀመጣል። ትራንስዱሰሩ ከላይ ውኃው ውስጥ ጠልቆ፣ ሐኪሙ እያነጣጠረ፣ በየቦታው ለጥቂት ሴኮንዶች ይለቃል። ቦታ ይቀይርና ደግሞ ይለቃል።

ፎከሱ ምን ያህል ነበር? በ4.6 ሜጋኸርዝ ውኃ ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ 0.32 ሚሊሜትር ነው። ርቀቱን ለስፋቱ ስናካፍል 1.1 ይመጣል። ከዚያ የፎከሱ ስፋት 0.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ቀጠን ያለ የሩዝ ፍሬ ቀጥ አድርጋችሁ አስቡት።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1988 ፈቀደ። ግፊትን በእርግጥ ይቀንስ ነበር። ይሁንና ብዙ ሳይቆይ ከክሊኒክ ጠፋ።

ምኑ ላይ ተቸገረ

አንደኛው ምክንያት አሠራሩ ነው። የውኃ ዕቃው፣ ማነጣጠሩ፣ ትልቁ ማሽን፣ ሁሉም ጊዜና ልምድ ይጠይቃል። በዚያው ጊዜ ሐኪሞች የሌዘር አማራጭ አገኙ። ሌዘሩ ዓይን ላይ የሚነካ ቀጭን እርሳስ መሰል ነገር ነው። ሐኪም ደግሞ የሚወደው ቀላሉን ነው፤ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ምክንያት የፎከሱ ቁመት ነው። 3 ሚሊሜትር የሚረዝም ትኩስ ቦታ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ቢቀመጥ ጫፉ የት ይደርሳል? ወደ ላይ ነጩን ሽፋን ይነካል፤ ወደ ታች ደግሞ ከዒላማው ያልፋል። ከተመዘገቡት ችግሮች አንዱ የነጩ ሽፋን መሳሳት መሆኑ በእኔ ግምት የሚያስደንቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ያ የመጀመሪያው ሐሳብ ይመጣል። ያንኑ ሳህን ወደ 21 ሜጋኸርዝ ብንወስደውስ? ፎከሱ 0.1 ሚሊሜትር ስፋትና 0.6 ሚሊሜትር ቁመት ይኖረዋል። በወረቀት ላይ ያምራል። አሁን እናፍርሰው።

በመጀመሪያ ውኃው አለ። ብዙዎቻችን ውኃን ለአልትራሳውንድ እንደ መስታወት እናስበዋለን። በ1 ሜጋኸርዝ ልክ ነው። ነገር ግን ውኃ ድምፅን የሚመጥጠው በፍሪኩዌንሲው ካሬ ልክ ነው። በ4.6 ሜጋኸርዝ 90 ሚሊሜትር ውኃ ከኃይሉ አንድ አስረኛ እንኳ አይበላም። በ21 ሜጋኸርዝ፣ በክፍል ሙቀት፣ እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ውኃ አንድ ዴሲቤል ገደማ ይወስዳል። 90 ሚሊሜትር ሲሄድ የሚተርፈው ከመቶ 14 ያህል ነው። ቀሪው ውኃ ማሞቂያ ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ ሴራሚኩ። በ21 ሜጋኸርዝ የግማሽ ሞገድ ውፍረት ያለው ሴራሚክ 0.1 ሚሊሜትር አይሞላም። አንድ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በሉት። ይህን በ80 ሚሊሜትር ስፋት፣ ጎድጉዶ፣ ሳይሰበር የሚሠራ ሰው ካለ ላገኘው እፈልጋለሁ።

ኤሌክትሪኩ ደግሞ ይባስ። ይህን ያህል ሰፊና ስስ ሴራሚክ ትልቅ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ነገር) ነው። ስሌቴ 300 ናኖፋራድ አካባቢ ይሰጣል። በ21 ሜጋኸርዝ የሚያሳየው ተቃውሞ ከኦም መቶኛዎች አያልፍም። ኃይል ለሚሰጠው የኤሌክትሪክ ማጉያ ይህ ሾርት ከማድረግ አይለይም።

ስለዚህ ፍሪኩዌንሲውን ለመጨመር አሮጌውን ቅርጽ መጣል ግዴታ ነበር።

የሊዮኑ ቡድን የሄደበት መንገድ

የሊዮኑ ቡድን የተነሳው ከዒላማው ቅርጽ ይመስለኛል። ዒላማው ቀለበት ነው፤ ታዲያ ትራንስዱሰሩ ለምን ቀለበት አይሆንም?

የተሠራው ፕሮብ ትንሽ ቀለበት ሆኖ ዓይኑ ላይ ይቀመጣል። ውስጡ ስድስት ትናንሽ የሴራሚክ ክፍሎች አሉ። ክፍሎቹ እንደ ሳህን የጎደጎዱ አይደሉም፤ ከሲሊንደር ላይ የተቆረጡ ቁራጮች ናቸው። የመጎበጫቸው ራዲየስ 10.2 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ድምፁ የሚሰበሰበው ነጥብ ላይ ሳይሆን መስመር ላይ ነው። መስመሩም የሲሊየሪ ቦዲውን ክብ ተከትሎ ይተኛል። ሦስቱ ክፍሎች በላይ፣ ሦስቱ በታች ናቸው። በአፍንጫ በኩልና በጆሮ በኩል ያለው ጎን ባዶ ተትቷል።

እያንዳንዱ ምርጫ ሌላውን ምን እንዳደረገው እንይ።

ርቀቱ ከ90 ወደ 10 ሚሊሜትር ወረደ። አሁን ውኃው የሚበላው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ያ ይቻላል።

ቅርበቱ ትንሽ ስፋት እንዲበቃ አደረገ። በሚጎብጠው አቅጣጫ 7 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ቢኖር፣ ርቀት ለስፋት 1.5 ይሆናል። የሞገድ ርዝመቱ 0.07 ሚሊሜትር ነው። የፎከሱ መስመር ስፋት 0.1 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣል። ከ3 ወደ 1 ሚሊሜትር መጣን። ትኩሱ ቦታ ዒላማው ውስጥ መግባት ቻለ።

የክፍሎቹ መለያየት ኤሌክትሪኩን ታደገ። ስድስቱ በአንድ ላይ አይሠሩም፤ ተራ በተራ ነው። አንዱ ሲጨርስ ትንሽ ይታረፋል፣ ከዚያ ሌላው። አንድ ማጉያ ለስድስቱም ይበቃል። ፕሮቡም ዓይኑም ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያገኛሉ። እያንዳንዱ ክፍል 2 ዋት የድምፅ ኃይል ብቻ ይለቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ቁጥር ሳይ የትየባ ስሕተት መስሎኝ ነበር። የማሕፀን ዕጢ የሚያክሙ መሣሪያዎች ብዙ አስር ዋት ይጠቀማሉ። እዚህ ግን ኃይሉ የሚያርፈው በጣም ትንሽ ቦታ ላይ ነው። ሥጋውም በዚህ ፍሪኩዌንሲ ድምፁን በደንብ ይመጥጣል። ለስላሳ ሥጋ በአንድ ሚሊሜትር አንድ ዴሲቤል ያህል ይወስዳል ብለን ብንነሳ፣ የደረሰው ድምፅ እዚያው አካባቢ ያልቃል።

ማነጣጠሩ ደግሞ ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ ፕላስቲክ ውስጥ ገባ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በመጀመሪያ ዓይኑ ላይ ሾጣጣ ማገናኛ በቫኩም ይያዛል። ቀለበቱ እሱ ውስጥ ይገባል። በመካከል ያለው ቦታ በጥቂት ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውኃ) ይሞላል። የሰው ዓይን መጠኑ ስለሚለያይ ፕሮቡ በ11፣ በ12 እና በ13 ሚሊሜትር ተዘጋጀ። የትኛው እንደሚስማማ ቀድሞ በምስል ይለካል። ሐኪሙ ቀለበቱን መሐል ማስቀመጥና አረፋ አለመኖሩን ማየት ይጠበቅበታል፤ ከዚያ በእግሩ ፔዳሉን ይረግጣል። ሙሉ ሕክምናው ጥቂት ደቂቃ ነው።

አረፋውን በወጉ ላንሳው። አየርና ውኃ ሲገናኙ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ማለት ይቻላል። በ21 ሜጋኸርዝ ደግሞ በዓይን ለማየት የምትቸግር አረፋ እንኳ ከሞገዱ ትበልጣለች። እኔ ራሴ በሌላ ሥራ ግማሽ ቀን ትራንስዱሰሩ ሞቷል ብዬ ስፈታ ስገጥም ውዬ፣ ጥፋተኛዋ ጥግ ላይ የተጣበቀች አንዲት አረፋ ሆና አግኝቻታለሁ።

ሴራሚኩና ኬብሉ

ይህ ክፍል የእኔ ማብራሪያ ነው፤ ማንኛውም በዚህ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ሰው የሚገጥመው ነገር ነው።

ሴራሚኩ ወረቀት ያህል ስስ ሲሆን ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ያንን መቀበልና በጥንቃቄ መሥራት ነው። ሁለተኛው ሴራሚኩን ሦስት እጥፍ አወፍሮ በሦስተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም በመሠረታዊ ንዝረቱ ሦስት እጥፍ ፍሪኩዌንሲ፣ ማንቀሳቀስ ነው። ሁለተኛው ለእጅ ይመቻል፤ በምትኩ ከኤሌክትሪኩ ወደ ድምፅ የሚቀየረው ድርሻ ያንሳል። ያልተቀየረው ሙቀት ሆኖ ፕሮቡ ውስጥ ይቀራል። ዓይን ላይ የሚቀመጥ ነገር ውስጥ የቀረ ሙቀት ደግሞ ማንም አይፈልገውም።

ከምስል አልትራሳውንድ የመጡ ባለሙያዎች አንድ ልማድ ይዘው ይመጣሉ። ለምስል ሥራ ከሴራሚኩ ጀርባ ከባድ ሙሌት ይደረጋል። ሴራሚኩ ቶሎ ዝም እንዲል ነው። አጭር ድምፅ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። ለቀዶ ጥገና ግን ያ ሙሌት ግማሹን ኃይል ሊበላ ይችላል። እዚህ የሚፈለገው ከጀርባ አየር ነው። አየሩ ድምፁን ወደ ፊት ይመልሳል። ለሴራሚኩም ዓይነቱ ይለያያል። ለምስል ለስላሳ የሚባለው ይመረጣል። ለሕክምና ደረቁ ይሻላል፤ በውስጡ የሚባክነው ኃይል ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። አየር ከጀርባ ሲሆን ግን ስሱን ሴራሚክ የሚደግፈው ነገር የለም፤ ሙቀቱም በጀርባ በኩል መውጫ ያጣል። ይህን የሚፈታ አስማት የለም። ኃይሉን ዝቅ ማድረግና ማረፊያ መስጠት ብቻ ነው። የ2 ዋቱ ቁጥርና ተራ በተራ መሥራቱ ለዚህም የሚመች ነው።

አዲስ ትራንስዱሰር መጀመሪያውኑ በሙሉ ኃይል አይነዳም። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ሊጥ እንደማይፈስበት ነው። ቀስ እያልን ኃይሉን ከፍ እናደርጋለን። ወደ ማጉያው የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ እናያለን። የሚመለሰው በድንገት ከጨመረ ማጣበቂያው ለቋል ወይም ሴራሚኩ ተሰንጥቋል።

አሁን ኬብሉ። በተለመደ ኮአክሲያል ኬብል ውስጥ የ21 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 9.4 ሜትር ገደማ ነው። ሩቡ 2.4 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከማሽኑ እስከ ታካሚው ያለው ኬብል ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ሜትር ያህል ነው። ሩብ ሞገድ የሆነ ኬብል ትንሹን ተቃውሞ ትልቅ፣ ትልቁን ትንሽ አድርጎ ያሳያል። 7 በ4.5 ሚሊሜትር የሚሆን፣ ግማሽ ሞገድ የወፈረ ደረቅ ሴራሚክ ብናስብ የሚያሳየው 4 ኦም ገደማ ነው። ከ50 ኦም ማጉያ ጋር ለማስማማት መጠምጠሚያና ካፓሲተር ያስፈልጋል። ማስማሚያውን ፕሮቡ ጫፍ ላይ ለክቶ፣ ኬብሉ ማዶ ማሽኑ ዘንድ የሚገጥም ሰው ምን እንደተፈጠረ ግራ ይገባዋል። በ1 ሜጋኸርዝ ይህ ስሕተት አይታይም ነበር።

መለካት

ፎከሱ ላይ ያለውን የድምፅ ግፊት ለመለካት ሃይድሮፎን የሚባል ትንሽ የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን እንጠቀማለን። በብዙ ቤተ ሙከራ የሚገኘው ጫፉ 0.2 ሚሊሜትር ነው። የእኛ ፎከስ ግን 0.1 ሚሊሜትር ነው። የማንኪያን ጥልቀት በጭልፋ እንደ መለካት ነው። መሣሪያው በዙሪያው ያለውን ሁሉ አማካይ ወስዶ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ሰውየው "ኃይሉ አልበቃም" ብሎ ይጨምራል። አደጋው እዚያ ጋ ነው።

የበለጠ የሚታመነው ጠቅላላ ኃይሉን በሚዛን መመዘን ነው። ድምፅ ሲያርፍ ይገፋል። አንድ ዋት ድምፅ ውኃ ውስጥ 69 ሚሊግራም ያህል ክብደት ያሳያል። 2 ዋት ማለት 138 ሚሊግራም ነው፤ ጥሩ ሚዛን ይህን ያለ ችግር ያያል። ግን እዚህም ውኃው ይቆጠራል። ሚዛኑ ከትራንስዱሰሩ ሁለት ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ አንድ ሦስተኛው ኃይል መንገድ ላይ ጠፍቷል። ያንን መልሶ ያልደመረ ሰው ፕሮቡን ደካማ ነው ብሎ ይጽፋል።

ሕክምናው ምን አሳየ

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የመጀመሪያው የሰው ሙከራ 12 ታካሚዎችን የያዘ ነበር። ሌላ ሕክምና ያልበገረው ግላኮማ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። አማካይ ግፊታቸው 38 አካባቢ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ 26 አካባቢ ሆነ። መቀነሱ ግልጽ ነው። ከባድ ቃጠሎ ወይም የሽፋን መሳሳት ዋና ችግር ሆኖ አልመጣም። የዓይን መቅላት፣ የላይኛው ገጽ መቁሰል፣ ቀለል ያለ የውስጥ መቆጣት ታይተዋል።

26 ግን አሁንም ከ21 በላይ ነው። ሐኪም ይህን ቁጥር ሲያይ "ጥሩ ጅማሮ" ይላል እንጂ "ተፈታ" አይልም።

የጠበበው ፎከስና ያልጠበበው ሙቀት

ከጉዳዩ ሁሉ ለእኔ ትምህርት የሆነኝ እዚህ ያለው ነው።

የፎከሱ መስመር ስፋት 0.1 ሚሊሜትር ነው ብለናል። ታዲያ የሚበስለው 0.1 ሚሊሜትር ነው? በፍጹም። ከእንዲህ ያለ ቀጭን መስመር ሙቀቱ በጥቂት ሚሊሴኮንድ ውስጥ ወደ ጎን መፍሰስ ይጀምራል። ሥጋ ውስጥ ሙቀት በ4 ሴኮንድ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል። በ8 ሴኮንድ ሁለት ሚሊሜትር ያልፋል። ስለዚህ የሚበስለውን መጠን የሚወስነው የፎከሱ ስፋት መሆኑ ቀርቶ፣ ኃይሉና ሰዓቱ ሆነዋል።

ቡድኑ በኋላ ያደረገውም ይህን ይመስላል። በመጀመሪያው ሙከራ እያንዳንዱ ክፍል ከ3 እስከ 4 ሴኮንድ ይሠራ ነበር። ቀጥሎ ወደ 6፣ ከዚያ ወደ 8 ሴኮንድ ከፍ አለ። በሁለተኛው ትውልድ ፕሮብ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል የሚሸፍነው መስመር ረዘመ። ፍሪኩዌንሲው ግን 21 ላይ ቆየ። የጎደለው ጥበት አልነበረም፤ በቂ ሥጋ መድረስ ነበር።

"እንዲያ ከሆነ 21 ሜጋኸርዝ ለምን አስፈለገ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ሙቀቱ የሚነሳበት ቦታ ነው። ፎከሱ አጭር ስለሆነ ሙቀቱ የሚጀምረው ከነጩ ሽፋን ውስጥ ሳይሆን ከሥሩ ነው። የሚያልፈው ድምፅ ትንሽ ስለሆነ ኋላ ያለው ክፍል ይጠበቃል። ጠቅላላ ኃይሉም አነስተኛ ስለሆነ ፕሮቡ በመዳፍ የሚያዝ ሆነ።

የሥጋ ሞት የሚታሰብበት የታወቀ ቀመር አለ። በ43 ዲግሪ 240 ደቂቃ እንደ መነሻ ይወሰዳል። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ57 ዲግሪ ገደማ አንድ ሴኮንድ ይበቃል። ስለዚህ በሚበስለውና በማይበስለው መካከል ያለው ድንበር ጥቂት ዲግሪ ነው። ሙቀቱ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚፈስ ያላሰበ ዲዛይነር ያንን ድንበር የት እንደጣለው አያውቀውም።

ያልሠራውና ያልተፈታው

ሁሉም ታካሚ እኩል አልተጠቀመም። በኋለኞቹ ጥናቶች ግፊቱ በአማካይ በአንድ ሦስተኛ አካባቢ ቀንሷል፤ ምንም ያልተለወጠላቸው ግን ነበሩ። ከጊዜ በኋላ የተደገመላቸውም አሉ። ምንጩን መቀነስ የሚባለው ሕክምና ሁሉ ይህ ባሕርይ አለው።

ማነጣጠሩን ወደ ፕላስቲክ ማስገባቱም ዋጋ አስከፍሏል። ሦስት መጠን ያለው ፕሮብ ለሁሉም ዓይን ልክ አይሆንም። ቀለበቱ ትንሽ ከተዛነፈ ወይም መጠኑ ካልገጠመ ፎከሱ ከዒላማው ይወጣል። ከሕክምናው በኋላ የአይሪስ (የዓይኑ ባለቀለም ክፍል) ቅርጽ መለወጥና የእይታ መዛነፍ የተዘገበባቸው ታካሚዎች አሉ። የሐኪሙ እጅ ይሳሳታል፤ ግን ዓይቶ ያስተካክላል። ፕላስቲክ አያስተካክልም። የድሮው መሣሪያ መሐል ላይ የነበረው መለኪያ አልትራሳውንድ እዚህ የለም፤ መለኪያው ከሕክምናው በፊት ተሠርቶ ያልቃል።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

ፍሪኩዌንሲ ከመምረጥ በፊት ዒላማውን ከነጎረቤቶቹ መሣል ይጠቅማል። ሥዕሉ ቅርጹን ይነግራል፣ ቅርጹ ርቀቱን፣ ርቀቱ ፍሪኩዌንሲው የሚችለውን። ብዙዎቻችን ከመሃል እንጀምራለን።

ከሌላ መሣሪያ የተወረሰን ቁጥር ሁሉ መጠርጠር ያስፈልጋል። የኃይል መጠን፣ የጀርባ ሙሌት፣ የኬብል ርዝመት፣ የሃይድሮፎን ጫፍ፣ ሁሉም የሚሠሩት በተለኩበት ፍሪኩዌንሲ ነው። ለቆዳ ውበት የሚሠሩ መሣሪያዎች 4 ሜጋኸርዝን ለ4.5 ሚሊሜትር ጥልቀት፣ 7ን ለ3፣ 10ን ለ1.5 ሚሊሜትር ይጠቀማሉ። በአንጻሩ በራስ ቅል በኩል አንጎልን የሚያክመው መሣሪያ ከ1 ሜጋኸርዝ በታች ወርዶ፣ ከሺህ በላይ ክፍሎችን ያሰባስባል። የአንዱን ቅንብር ለሌላው መስጠት አይቻልም።

አንድ ቡድን ያልተሳካለትን ሥራ በሌላ ጊዜ የሚያነብ ሰው፣ "ሐሳቡ አልሠራም" እና "ቅርጹ አልሠራም" የሚሉትን መለየት አለበት። ግላኮማን በድምፅ የማከም ሐሳብ በኒው ዮርኩ መሣሪያ አልከሸፈም። ግፊቱ ይወርድ ነበር። የሚያስቸግረው ሳህኑና የውኃ ዕቃው ነበር።

ለእኛ ዓይን

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ምንጩን ለመቀነስ የሚውለው የተለመደ ሌዘር 810 ናኖሜትር ሞገድ ያለው ነው። ሌዘሩ የሚመጠጠው በሜላኒን፣ ማለትም በጥቁሩ ቀለም ነው። እንደ እኛ ባለ ጥቁር ዓይን ላይ ያው ኃይል የበለጠ ያሞቃል። ሐኪሙ "ፖፕ" የሚል ድምፅ ከሰማ ኃይሉን ይቀንሳል። አልትራሳውንድ ቀለም አያይም። ለሰማያዊም ለጥቁርም ዓይን ስሌቱ አንድ ነው።

በሌላ በኩል ፕሮቡ ለአንድ ታካሚ ተጠቅሞ የሚጣል ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ፣ የውጭ ምንዛሪ ለሚቸግረው ሆስፒታል ከባድ ነው። የሌዘሩ ጫፍ በብዙ ቦታ ታጥቦ ይደገማል። በማምከኛ ሙቀት ማጣበቂያው የማይለቅ፣ ሴራሚኩ የማይሰነጠቅ፣ አንድ መቶ ጊዜ የሚያገለግል የ21 ሜጋኸርዝ ፕሮብ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ካለ፣ ከማጣበቂያው ይጀምር።